የጉዳይ ጥናት፦ አክቹዌተሩ በፒስተን ከተቀየረ በኋላ አልረጋ ያለው የእንፋሎት ቫልቭ

መነሻ

ጉዳዩ የአንድ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ባለ 100 ሚሊ ሜትር፣ ነጠላ መቀመጫ ያለው ግሎብ ቫልቭ ሲሆን ሥራው ውሃ ወደሚያሞቅ የሙቀት መለዋወጫ የሚገባውን እንፋሎት መመጠን ነው። እንፋሎቱ የሚገባው ከፕላጉ (መቀመጫው ላይ አርፎ ቀዳዳውን ከሚዘጋው ክፍል) ሥር ነው። ስለዚህ ግፊቱ ፕላጉን ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ መከፈት ይገፋዋል። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ስለሚመለስ ይያዝ።

ቫልቩን ለዓመታት ሲያንቀሳቅስ የኖረው በዲያፍራምና በስፕሪንግ የሚሠራ አክቹዌተር ነበር። የዋናው መስመር ግፊት ከ7 ባር ወደ 10 ባር ሲያድግ ግን ፕላጉን መቀመጫው ላይ አጥብቆ መያዝ አቃተው። ሒሳቡ ግልጽ ነው። የመቀመጫው ቀዳዳ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ7 ባር እንፋሎቱ ፕላጉን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል 5.5 ኪሎ ኒውተን ነበር፤ በ10 ባር 7.85 ደረሰ። ፕላጉ እንዳያፈስ መቀመጫው ላይ ሊያርፍ የሚገባው ጫና 2.2፣ የግራፋይት ፓኪንጉ (እንፋሎት በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚያሽጉት ቀለበቶች) ሰበቃ ደግሞ 1.5 ኪሎ ኒውተን ተብሎ ተያዘ። ድምሩ 11.55 ኪሎ ኒውተን ነው።

ለምትክ የተመረጠው ስፕሪንግ የሌለው፣ አየር ከላይም ከታችም የሚገባበት ባለ ሁለት አቅጣጫ ፒስተን ነው። የሲሊንደሩ የውስጥ ዲያሜትር 200 ሚሊ ሜትር፣ ስትሮኩ (ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ርቀት) 50 ሚሊ ሜትር ነው። በ5 ባር አየር ወደ ታች 15.7 ኪሎ ኒውተን ይገፋል። በወረቀት ላይ 4 ኪሎ ኒውተን ያህል ትርፍ አለ ማለት ነው። ስፕሪንግ ስለሌለው አየር ሲጠፋ ቫልቩን የሚዘጋው ራሱን የቻለ ዝግጅት ያስፈልገዋል። ለዚህም ባለ 10 ሊትር የአየር ማጠራቀሚያ ታንክ፣ ከታንኩ በፊት አየሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቼክ ቫልቭ፣ እንዲሁም የመስመሩ አየር ከ4 ባር ሲወርድ የታንኩን አየር ወደ ላይኛው ክፍል የሚለቅ ትሪፕ ቫልቭ ተጨመሩ።

ችግሩ

ገጠማው በአንድ ፈረቃ አለቀ። ፖዚሽነሩ (ሲግናል ተቀብሎ ወደ ሲሊንደሩ አየር እየላከ ቫልቩን የታዘዘበት ቦታ ላይ የሚያቆመው መሣሪያ) ራሱን እንዲለካ ታዘዘ፣ ቫልቩ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ባለው ሲግናል ከዜሮ እስከ መቶ ሄደ፣ ሥራውም ተረከቡት። በማግስቱ ሦስት ቅሬታ መጣ።

አንደኛ፣ የውሃው ሙቀት አልረጋ አለ። ቫልቩ እየከፈተና እየዘጋ፣ በየግማሽ ደቂቃው ገደማ ከተፈለገው ቦታ 4 በመቶ ወዲህና ወዲያ ይዋልላል። ሁለተኛ፣ ዝጋ ሲባል ከመቀመጫው እንፋሎት ያመልጣል። አክቹዌተሩ የተቀየረው ለዚሁ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ሦስተኛውን ያመጣው የአየር መጥፋት ሙከራ ነው፤ የመስመሩ አየር ቀስ በቀስ እንዲወርድ ሲደረግ ቫልቩ 12 በመቶ ክፍት ላይ ቆሞ ቀረ።

መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሠራው

ጣት የተቀሰረው ፖዚሽነሩ ላይ ነበር። ይህ የተለመደ ነው፤ ስክሪንና ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ። ራሱን እንዲያስተካክል ሦስት ጊዜ ተደረገ፤ ለውጥ የለም። ሙት ክልሉ (ፖዚሽነሩ ምላሽ የማይሰጥበት ትንሽ ልዩነት) ወደ 1 በመቶ ሲሰፋ ፖዚሽነሩ ዝም አለ፣ የውሃው ሙቀት ግን መዋለሉን ቀጠለ። የመቆጣጠሪያው ጌይን (ለስህተት የሚሰጠው ምላሽ ብርታት) በግማሽ ሲቀነስ መዋለሉ አልጠፋም፤ ዙሩ ብቻ ከግማሽ ደቂቃ ወደ አንድ ደቂቃ ተራዘመ። ልምድ ያለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረበት። በጌይን መብዛት የሚመጣ መዋለል ጌይን ሲቀነስ ይከስማል። ዙሩ ተራዝሞ ስፋቱ ካልቀነሰ የሚጣበቅና የሚዘል ነገር አለ፤ ሰበቃ ነው።

ከዚህ የባሰው ሙከራ ደግሞ «ፒስተን ስለሆነ ዘይት ይፈልጋል» ተብሎ በአየር መስመሩ ላይ ዘይት የሚረጭ ሉብሪኬተር መገጠሙ ነው። ፒስተኑን ለሁለት ቀን አለሰለሰው ተብሎ ተወራ። በሦስተኛው ቀን ፖዚሽነሩ መዘግየት ጀመረ። ሲፈታ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የአየር መተላለፊያዎች በዘይትና በአቧራ ጭቃ ተለብጠው ተገኙ። ለእንዲህ ዓይነት ፒስተን የሚያስፈልገው ቅባት ሲገጣጠም ኦሪንጎቹ ላይ የሚቀባው ግሪስ ነው። ፖዚሽነር ባለበት መስመር ላይ ዘይት አይጨመርም፤ እንዲያውም የመሣሪያ አየር ከዘይት የጸዳ እንዲሆን ነው የሚለፋው። ሉብሪኬተሩ ተነሣ፣ ፖዚሽነሩም ታጠበ።

መለካት ሲጀመር

ሁኔታውን የቀየረው ቀላል ነገር ነው፤ መቆጣጠሪያው ወደ ማንዋል ዞሮ ሲግናሉ 12 ሚሊ አምፔር ላይ ተተወ። ቫልቩ ጸጥ አለ። ፖዚሽነሩ ብቻውን የሚዋልል ቢሆን ኖሮ በማንዋልም ይዋልል ነበር። ቀጥሎ ሲግናሉ በ0.16 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም በ1 በመቶ እርምጃ፣ ከፍ እየተደረገ ዘንጉ ታየ። በመጀመሪያው እርምጃ ምንም የለም። በሁለተኛውም የለም። በሦስተኛው ላይ ዘንጉ በአንድ ጊዜ ዘለለ፣ ከሚገባውም አልፎ ሄደ። አቅጣጫው ሲገለበጥም እንዲሁ።

ከዚያ በሲሊንደሩ ላይኛና ታችኛ ክፍል መግቢያ ላይ አንድ አንድ የግፊት ጌጅ ተገጠመ። ባለ ሁለት አቅጣጫ ፒስተንን ለመመርመር ከነዚህ ሁለት ጌጆች የሚበልጥ መሣሪያ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንፋሎቱ በሁለቱም ወገን በማግለያ ቫልቮች ተዘግቶ፣ ተቆልፎና ታግ ተንጠልጥሎበት፣ የቀረው ግፊትም በማራገፊያው ወጥቶ ሲያበቃ ቫልቩ በጣም በዝግታ ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ታች እንዲሄድ ተደረገ። ማሞቂያው በዚህ ጊዜ የሚሠራው በእጅ በሚከፈት ጎን መስመር ነበር።

ወደ ላይ ሲሄድ የታችኛው ክፍል ከላይኛው በ1.1 ባር በለጠ፤ ወደ ታች ሲሄድ የላይኛው በ1.0 ባር በለጠ። የ0.1 ባሯ ልዩነት የፕላጉ፣ የዘንጉና የፒስተኑ ክብደት እጥፍ ናት፤ ክብደቱ ሲወጣ ይጨመራል፣ ሲወርድ ይቀነሳል። የሁለቱ አማካይ 1.05 ባር በፒስተኑ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲባዛ 3.3 ኪሎ ኒውተን ሰበቃ ይሆናል (ዘንጉ ከታችኛው ክፍል የሚቀንሰው ስፋት ትንሽ ስለሆነ እዚህ ተትቷል)። ስሌቱ የያዘው 1.5 ብቻ ነበር።

ሰበቃው የማን ነው? የዘንጉ ማጣመሪያ ተፈትቶ ፒስተኑ ብቻውን እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። 0.15 ባር በቃው፤ ወደ 0.47 ኪሎ ኒውተን ነው። ፒስተኑ ነጻ ወጣ። (ይህች 0.47 በመጀመሪያው ስሌት ውስጥ ጭራሽ አልነበረችም። ትርፉ ስለበቃ ጉዳት አላመጣችም።) የቀረው 2.8 ኪሎ ኒውተን የፓኪንጉና የዘንጉ ነው።

ፓኪንጉና የዘንጉ ፊት

የፓኪንጉ ዳዶዎች በ25 ኒውተን ሜትር እንዲጠብቁ የአምራቹ ሰነድ ያዛል። በቶርክ ቁልፍ ሲፈተሹ ሁለቱም ከ40 በላይ ነበሩ። አክቹዌተሩ በተቀየረ ሰሞን በዘንጉ ዙሪያ ትንሽ እንፋሎት ይታይ ስለነበር «ግማሽ ዙር ጨምርበት» እየተባለ በየፈረቃው መጥበቁ ታወቀ። የድሮው ዲያፍራም ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሲጠብቅበት መንቀሳቀስ አቅቶት ያሳብቅ ነበር። ፒስተኑ ጉልበተኛ ስለሆነ ጉዳቱን ደብቆት ቆየ።

ዘንጉ ወጥቶ ሲታይ ሌላ ነገር ተናገረ። በአንድ ወገኑ ብቻ፣ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ እንደ መስታወት ተፍቆ ያበራል፤ በተቃራኒው ወገን የግራፋይቱ ግራጫ ለምድ እንዳለ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሠራ ዘንግ እንዲህ አይፋቅም፤ ወደ ጎን ሲጎተት ከርሟል። ምክንያቱ የገጠማው ቅደም ተከተል ነው። አክቹዌተሩ በክሬን ተንጠልጥሎ ወረደ፣ የዮኩ (አክቹዌተሩን ከቫልቩ ጋር የሚያያይዘው ክፈፍ) ብሎኖች መጨረሻቸው ድረስ ተጠበቁ፣ ዘንጎቹ የተጣመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የፒስተኑ ዘንግና የቫልቩ ዘንግ 0.8 ሚሊ ሜትር ተላልፈው ነበር፤ ማጣመሪያው በጉልበት አገናኛቸው።

እርማቱ ይህ ነበር። ፓኪንጉ በአዲስ ተተካ፤ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ፣ የተቆረጡበት ቦታ በ90 ዲግሪ እየተፈራረቀ ገቡ። የዮኩ ብሎኖች ላልተው ፕላጉ መቀመጫው ላይ አረፈ፤ መቀመጫው ፕላጉን ራሱ መሐል ስለሚያመጣው ከዚህ የተሻለ መለኪያ አይገኝም። ፒስተኑ በ1 ባር አየር ብቻ ወደ ታች ወርዶ ሁለቱ ዘንጎች ፊት ለፊት ሲተያዩ ማጣመሪያው ያለ ጉልበት ገባ። የዮኩ ብሎኖች በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በሦስት ዙር የጠበቁት ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻ የፓኪንጉ ዳዶዎች በ25 ኒውተን ሜትር ጠበቁ፤ ቫልቩ አሥር ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ አንዴ እንደገና ተፈተሹ።

ሲለካ ጠቅላላ ሰበቃው 0.6 ባር፣ ማለትም 1.9 ኪሎ ኒውተን ሆነ።

ለምን አልዘጋም?

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በ15.7 ኪሎ ኒውተን እየተገፋ የሚያፈስ ቫልቭ ሲታይ «መቀመጫው ተበልቷል» ተብሎ ወደ ማሽን ሾፕ ይላካል። ይህም ሊላክ ነበር።

ፓኪንጉ ላልቶና ማጣመሪያው ተፈትቶ ሳለ ፒስተኑ ታችኛው ጫፉ ድረስ እንዲወርድ ተደረገ፤ ፕላጉም ቀድሞ ሲዘጋ የሚቆምበት ቦታ ላይ ምልክት ተደረገበት። ከዚያ የቫልቩ ዘንግ በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ ተነካ። ዘንጉ ተጨማሪ 2 ሚሊ ሜትር ወረደ። ማለትም ቫልቩ «ዝግ» ሲባል ፕላጉ መቀመጫውን አልነካም ነበር፤ ፒስተኑ ቀድሞ የሲሊንደሩን ወለል ነክቷል። 15.7 ኪሎ ኒውተኑ ሁሉ የሚያርፈው በሲሊንደሩ ወለል ላይ ነው። ጌጁ ሙሉ ግፊት ያሳያል፣ ፖዚሽነሩ ዜሮ በመቶ ይላል፣ እንፋሎቱም በ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያልፋል። ፖዚሽነሩ አልዋሸም፤ ራሱን ሲለካ የቆመበትን ቦታ ዜሮ ብሎ መዝግቧል። የቆመው በምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ ፕላጉ መቀመጫው ላይ እንዳለ ፒስተኑ ከታችኛው ጫፉ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ማጣመሪያው ታሰረ። እንዲህ ሲሆን መቀመጫው ከፒስተኑ ማቆሚያ ቀድሞ ይነካል፤ ፕላጉ ወይም መቀመጫው በጊዜ ብዛት ቢያልቅም የሚወርድበት ቦታ አለው። ከላይ በኩልም ሙሉ ስትሮኩ መኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ እዚህ ሲሊንደሩ ከቫልቩ ስትሮክ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም በቃ።

ማጣመሪያው ጥርስ ያለው ከሆነ ርዝመቱ ሲስተካከል ፕላጉ መቀመጫው ላይ ተጭኖ እንዳይዞር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ተደርጎ ነው የሚዞረው፤ አለዚያ መቀመጫው ይጫራል። ዘንጉ ደግሞ የሚያዘው በመቆለፊያ ዳዶዎቹ ነው። ፓኪንጉ የሚመላለስበትን ልሙጥ ክፍል በቧንቧ ቁልፍ የነከሰ ሰው ያን ዕለት አዲስ ፓኪንግ አበላሽቷል።

የአየር መስመሩ

አየሩ ለአራት ቫልቮች የጋራ በሆነ አንድ ፊልተር ሬጉሌተር፣ ከዚያ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 6 ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ይመጣ ነበር። ለዲያፍራሙ ይበቃል። ፒስተኑ ግን አንድ ስትሮክ ሲሄድ 1.57 ሊትር በ5 ባር ይሞላል፤ ወደ ከባቢ አየር ሲመለስ 9.4 ሊትር አየር ነው። በፖዚሽነሩ መግቢያ ላይ ጌጅ ሲገጠም፣ ሌሎቹ ቫልቮች አብረው ሲንቀሳቀሱ ግፊቱ ከ5 ወደ 3.4 ባር ሲወርድ ታየ። በ3.4 ባር ፒስተኑ 10.7 ኪሎ ኒውተን ነው የሚገፋው፤ ከሚያስፈልገው በታች። አልፎ አልፎ የሚታየው የእንፋሎት «ትፍታ» ከፊሉ ከዚህ ነበር።

ለቫልቩ ብቻ የሚሆን ባለ 5 ማይክሮን ፊልተር ያለው ሬጉሌተር ተሰጠው፣ ቱቦውም ወደ 10 ሚሊ ሜትር ተቀየረ። አዲሱ መስመር ከፖዚሽነሩ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ተይዞ ለሁለት ደቂቃ ተነፋ። ጨርቁ ላይ ቡናማ ዝገትና ሁለት የነጭ ቴፍሎን ቴፕ ቁራጮች ቀሩ። ቴፑ ከጥርሱ ጫፍ አንድ ሁለት ጥርስ ወደ ኋላ ተትቶ ካልተጠቀለለ መጨረሻው ይኸው ነው። ቁራጩ ተገንጥሎ ይሄድና መጀመሪያ የሚያገኘው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ይሰነቀራል።

በዚሁ አጋጣሚ የፖዚሽነሩ የሚዛን ግፊት፣ ማለትም ፒስተኑ ቆሞ ሳለ ሁለቱ ክፍሎች የሚይዙት ግፊት፣ ታየ። 1.6 ባር ብቻ ነበር። ዝቅ ያለ የሚዛን ግፊት ፒስተኑን ልል ያደርገዋል፤ እንፋሎቱ ሲገፋው ይንቀጠቀጣል። በሪሌዩ ማስተካከያ ወደ 3.5 ባር ከፍ ተደረገ።

አየር ሲጠፋ

ይህ ክፍል አደገኛው ነው፤ ያውም መጀመሪያ ሙከራውን አልፎ ነበር። በገጠማው ዕለት የአየር መዝጊያው በአንድ ጊዜ ተዘግቶ መስመሩ ሲራገፍ ቫልቩ በፍጥነት ተዘግቷል፤ «ይሠራል» ተብሎ ተፈርሟል። ኮምፕሬሰር ሲቆም ግን አየር እንዲያ አይጠፋም። በሃያና በሠላሳ ደቂቃ ቀስ እያለ ይወርዳል። በዝግታ ሲሞከር ነው 12 በመቶ ላይ የቆመው።

ምክንያቱ ቼክ ቫልቩ ነው። ሲፈታ በመቀመጫው ላይ ሌላ የቴፍሎን ቁራጭ ተገኘ። ማፍሰሱ ትንሽ ስለሆነ በፈጣኑ ሙከራ ታንኩ ምንም አላጣም። በዝግታው ሙከራ ግን ታንኩ ከመስመሩ ጋር አብሮ ወረደ፤ ትሪፕ ቫልቩ በ4 ባር ሲሠራ በታንኩም ውስጥ ያለው 4 ባር ነበር። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በጌጅ 4፣ በፍጹም ግፊት (የከባቢ አየሩ 1 ባር ሲደመርበት) 5 ባር ያለው 10 ሊትር ታንክ 2 ሊትር ከሚሆነው የላይኛው ክፍልና ቱቦ ጋር ሲገናኝ 4.33 ባር ይሆናል፤ በጌጅ 3.3 ባር፣ በኃይል 10.4 ኪሎ ኒውተን ገደማ። እንፋሎቱ 7.85፣ የያኔው ሰበቃ 3.3፣ ድምሩ 11.15። ፒስተኑ ተሸነፈ።

ቼክ ቫልቩ በደንብ ቢይዝ ኖሮ ታንኩ የዋናውን መስመር 6.5 ባር ይዞ ይቀር፣ በላይኛው ክፍል 5.4 ባር ይገኝ ነበር። (ታንኩ ከሬጉሌተሩ በፊት ሲቀመጥ ሲሊንደሩ ያንን ግፊት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት፤ ይህኛው እስከ 10 ባር ይችላል።) ልብ በሉ፦ ፓኪንጉ ብቻ ተስተካክሎ ቼክ ቫልቩ ሳይታይ ቢቀር፣ ቫልቩ በዝግታው ሙከራ እስከ መቀመጫው ይደርስ ነበር። የሚቀረው ጫና ግን ከ1 ኪሎ ኒውተን በታች ስለሆነ ያፈስ ነበር። በዓይን ሲታይ ዘግቷል፤ ሙከራውም እንደገና «አለፈ» ይባል ነበር።

ቼክ ቫልቩ ለስላሳ መቀመጫ ባለው ተተካ። ታንኩ ተሞልቶ መስመሩ ተራግፎ 30 ደቂቃ ሲጠበቅ የታንኩ ጌጅ አልተንቀሳቀሰም። የዝግታው ሙከራ ተደግሞ ቫልቩ ጥብቅ ብሎ ዘጋ።

ከዚህ ወደ ሌላ ቫልቭ የሚወሰደው

ቅደም ተከተሉ ከሁሉ በላይ ነው። መጀመሪያ ማንዋል፣ ከዚያ የ1 በመቶ እርምጃ፣ ከዚያ ሁለቱ ጌጆች፣ ከዚያ ማጣመሪያውን ፈትቶ ፒስተኑን ከቫልቩ መለየት። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እዚህ ግን ሁለት ሳምንት ፖዚሽነር ሲነካካ ከረመ።

በርክክብ ወቅት የሁለቱ ክፍሎች ግፊት ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ተለክቶ በወረቀት ይያዝ። ከስድስት ወር በኋላ ሰበቃው ጨምሯል ወይስ አልጨመረም የሚለውን የሚመልሰው ያ ወረቀት ብቻ ነው። የአየር መጥፋት ሙከራም ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንዴ በድንገት፣ አንዴ በዝግታ። አንዱን ብቻ ለመሥራት ጊዜ ካለ የዝግታው ይመረጥ።

በፖዚሽነር ላይ ራስን የመለካት ትእዛዝ ሲሰጥ ቫልቩ ሳያስጠነቅቅ ሙሉ ስትሮክ ይሄዳል። ከ15 ኪሎ ኒውተን በላይ የሚገፋ ዘንግ በዮኩ ውስጥ ያለን ጣት አይምርም። ይህ በገጠማው ቅጽ ላይ አልነበረም፤ አሁን የመጀመሪያው መስመር ሆኗል።

ሳይፈታ የቀረው

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ቫልቩ 0.5 በመቶ እርምጃን ይከተላል፤ የመቆጣጠሪያው ጌይንም ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ጭነቱ ቀላል በሚሆንበት ሰዓት ግን ቫልቩ ከ8 እስከ 12 በመቶ ክፍት ላይ ስለሚሠራ የውሃው ሙቀት አሁንም ትንሽ ይወዛወዛል። ይህ የአክቹዌተሩ ጥፋት አይደለም፤ መስመሩ ወደ 10 ባር ካደገ ወዲህ ፕላጉ ለዚያ ጭነት ትልቅ ሆኖበታል። መጠኑ ያነሰ ፕላግና መቀመጫ ታዝዟል፤ እስኪመጣ ድረስ ኦፕሬተሮቹ በዚያ ሰዓት ጎን መስመሩን ዘግተው፣ ወደ መለዋወጫው የሚገባውን እንፋሎት በፊት ለፊቱ የእጅ ቫልቭ በከፊል አንቀው ይሠራሉ።